የአማቴ ኮምፒውተር ከጀርባው ምን ይሠራ ነበር?

አማቴ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደርጉና፣ ዓይናቸውን ከኪቦርዱ ሳይነቅሉ፣ ፊደል ፈልገው ጠቅ፣ ፊደል ፈልገው ጠቅ ያደርጋሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ቀና ይላሉ። ያኔ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጓል። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፤ እኔም ሳሎን ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ አብሬያቸው እጠብቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ የጻፉት ሁሉ በአንዴ ዱብ ይላል። አንዳንዴ «አልጻፍኩት ይሆን?» ብለው ደግመው ስለሚመቱት ያው ቃል ተደጋግሞ ተደርድሮ ይወጣል። እሳቸው ታዲያ አይናደዱም። ትርፉን አንድ በአንድ ያጠፉና ይቀጥላሉ። የምናደደው እኔ ነኝ።

«አባባ፣ እስኪረጋጋ ድረስ ለምን ትንሽ ወጣ አይሉም?» እላለሁ።

«ሊመጣ ነው ልጄ፣ አትቸኩል» ይሉኛል።

«አትቸኩል» የሚሉት እኔን፣ የልጃቸውን ሚስት ነው። የቤታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን ያወቁት በትምህርት ቤት ስለሆነ አንተና አንቺ ይቀላቀልባቸዋል። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ሶዶ በሒሳብ መምህርነት ስቀጠር፣ እንዲህ የሚያናግረኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ከኋላዬ ወንድ ቆሞ እንደሆነ ዞር ብዬ አይ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ኮምፒውተሩን ነው።

አማቴ በሻንቶና በአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን አይሆኑም ተብሎ ሶዶ እኛ ዘንድ መጡ። ባለቤቴ የሚሠራው ቢጠና የምትባል ከተማ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ካልሆነ አይገኝም፤ ሥራ ከበዛበት ያኔም ይቀራል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ እኔና እሳቸው፣ እንዲሁም ያ የሚያጓራ ሳጥን።

ኮምፒውተር የፈለጉት ለቃላት መጽሐፋቸው ነው። አዲስ አበባ ያሉት የልጅ ልጆቻቸው ወላይትኛ ትንሽ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። አንድ ጊዜ ለበዓል መጥተው አንደኛዋ ጓሮ ያለውን እንሰት እያሳየች «ይሄ ሙዝ የሚያፈራው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እንግዶቹ እንደሄዱ ልጃቸውን ኮምፒውተር ግዛልኝ አሉት። «ኡታ» ብለው ጀመሩ፤ ኡታ ማለት እንሰት ነው። ከዚያ የቅጠሉን፣ የግንዱን፣ የሥሩን፣ የመፋቂያውን፣ ከእሱ የሚሠራውን ምግብ ሁሉ ስም እየዘረዘሩ፣ ወላይትኛውን በላቲን ፊደል፣ ትርጉሙን ከጎኑ በአማርኛ ፊደል ማስቀመጥ ያዙ። ለጊፋታ፣ ዘመድ ሁሉ ለአዲስ ዓመት ሲሰበሰብ፣ ታትሞ ለየቤቱ ይታደላል ተባለ።

ባለቤቴ ኮምፒውተሩን የገዛው ወደ ሃላሌ ተዛውሮ ከሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሰውዬው የቤት ዕቃውን ሲሸጥ ኮምፒውተሩም አብሮ ነበር። «ምንም አይወጣለትም» ተብሎ መጣ። ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጠዋት ለሥራ ስወጣ አብርቼላቸው እሄዳለሁ፤ እሳቸው ቁርሳቸውን በልተው፣ ግቢውን ዞረው፣ ከጎረቤት ጋር የሰላምታቸውን አድርሰው ሲመለሱ እሱ ገና እያሰበ ነው።

ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። «የዩኒቨርሲቲ መምህር ነሽ፣ ያውም የሒሳብ፤ ኮምፒውተር እንዴት ያቅትሻል?» የሚለኝ ሰው ብዛቱ! እኔ ከኮምፒውተር ጋር ያለኝ ዝምድና ውጤት ከማስገባት አያልፍም። ባለቤቴ በስልክ «አጥፍተሽ አብሪው» ይላል። አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ያው ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ፎርማት አስደርጊው» አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ሳጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌ በባጃጅ ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት። መንገዱ ሲያነጥረን እንደ ሕፃን ነበር የያዝኩት። ባለሙያው ከሚፈታታው ስልክ ላይ ቀና ሳይል «ፎርማት ነው» አለኝ።

«ሳታየው?»

«እትዬ፣ የሁሉም መጨረሻው ፎርማት ነው።»

መልሼ አቅፌው መጣሁ። ማታ እራት ላይ ለአማቴ ነገርኳቸው።

«ፎርማት ማለት ማጥፋት ነው?» አሉኝ።

«አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። የእርስዎን ጽሑፍ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ እንገለብጠዋለን።»

«አይሆንም።»

«አባባ፣ ምንም ነገር አይጠፋም።»

«እኔ ያስተማርኩበት ቦታም እንዲሁ አሉ። 'ምንም አይጠፋም' ብለው የቢሮውን ኮምፒውተር ነክተው የተማሪ ውጤት ሁሉ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ከወረቀት ስንገለብጥ ከረምን» አሉና ውሃቸውን ጠጥተው ተነሡ። በእሳቸው በኩል ጉዳዩ አለቀ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አማቴ ለቅሶ ሊደርሱ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ሻንቶ ሄዱ፤ ባለቤቴም አልመጣም። ቤቱ ለእኔ ብቻ ሲሆን ወንበሩን ስቤ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አልኩ። ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ፣ አልኩት።

ኮምፒውተሩ በዚያች ደቂቃ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን፣ ታስክ ማኔጀር የሚሉትን መስኮት ከፈትኩ። እኔ ምንም አላዘዝኩትም። ጽሑፍ አልከፈትኩ፣ ሙዚቃ አልከፈትኩ። የማሽኑ ጉልበት ግን እስከ አፍንጫው ተይዟል። ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ፕሮግራሞች ከጀርባ ሆነው ይሠራሉ። አንዱ ዲስኩን ያገላብጣል፣ አንዱ ኢንተርኔት ይጠራል፣ አንዱ ሌላውን ይፈትሻል። ወደ ታች ብጎትተው ብጎትተው ዝርዝሩ አያልቅም። ለካ የአማቴ አንድ ቃል ስክሪኑ ላይ ለመውጣት እነዚህ ሁሉ እስኪጨርሱ ቆማ ነው የምትጠብቀው!

ደሜ ፈላ። የማሽኑ የራሱ አካል የሚመስሉትን ትቼ ስሙን የማላውቀውን ሁሉ መዝጋት ጀመርኩ። ይሄ ምንድነው? አላውቀውም፤ ይጥፋ። ይሄስ? ይጥፋ። አንዱን ስዘጋው ሌላው ብቅ ይላል፤ የዘጋሁት ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። በኋላ ላይ መላው ገባኝና ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረውት እንዳይነሱ አደረግኳቸው። አንዱን በዘጋሁ ቁጥር ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ሲያልቅ አጥፍቼ አበራሁት። ቶሎ ተነሳ። ጉርምርምታው ስለቆመ የጎረቤት ዶሮ ስታሽካካ ሰማሁ። ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ያለ ፎርማት አስተካከልኩት!»

«ጎበዝ!» አለኝ። ጎበዝ መሆኔን እኔም አምኜ ነበር።

አማቴ በማግስቱ ሲመለሱ አስቀመጥኳቸውና «ይሞክሩት» አልኳቸው። አንድ የወላይትኛ ቃል ጻፉ፤ ቀና ሲሉ ቃሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። «እህ!» አሉ። ሌላ ጻፉ። እሱም አለ። እጄን ይዘው በወላይትኛ መረቁኝ፤ ሁሉም ባይገባኝም አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ከሥራ ስመለስ «እንዴት ነው አባባ?» እላለሁ። «ፈጣን ነው» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አይሉም። እንደ ድሮው «ዛሬ ይህን ቃል አገኘሁ» ብለው አይነግሩኝም፤ ከወትሮውም ቀደም ብለው ከወንበራቸው ይነሣሉ። ጣታቸውን እያሻሹ ሳያቸው የደከማቸው መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት ስገባ እሳቸው ጓሮ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ክፍት ነው። ሰሞኑን የጻፉትን እስኪ ላንብበው ብዬ ቀረብኩ። ገጹ ሁሉ ላቲን ነው። ወላይትኛው በላቲን፣ ይሁን፤ ልክ ነው። ከጎኑ ያለው የአማርኛው ትርጉምም ግን በላቲን ነው! ጮክ ብዬ ሳነበው አማርኛ ነው፤ «የእንሰት ደረቅ ቅጠል፣ ለማሠሪያ የሚሆን» ይላል። ዓይን ግን አይቀበለውም። ትልቁና ትንሹ የፈረንጅ ፊደል ተደበላልቆ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ወደ ታች ጎተትኩት። ያው ነው። አሁንም ጎተትኩት። ያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሠሩት እንዳለ እንዲህ ነበር።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አማርኛ የምታስጽፈዋም ፕሮግራም ከጀርባ ነው የምትሠራው። የማንንም ጉልበት የማትፈጅ ትንሽ ነገር ናት። ስሟን ስላላወቅኩ ከሌሎቹ ጋር ጠርጌ አጥፍቻታለሁ።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አማቴ የእንሰቱን የደረቀ ቅጠል እየቆረጡ ነበር።

«አባባ፣ አማርኛው በላቲን እየወጣ እንደሆነ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያውኑ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!» ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት የጎረቤታችን ሴትዮ በአጥሩ በኩል ብቅ ስትል ነው።

አማቴ ቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አንተ ደክመህ አስተካከልከው» አሉኝ ረጋ ብለው። «እኔም አሰብኩ። ኮምፒውተሩ የፈጠነው አማርኛውን ስላወጣህለት ነው አልኩ። ሁለት ቋንቋ ከበደው፣ አንዱን ቀነስክለት። ብነግርህ መልሰህ ታስገባዋለህ፤ እሱም መልሶ ይቆማል። ስለዚህ በዚሁ ልቀጥል አልኩ።»

ልሳቅ ላልቅስ አላወቅኩም። «አባባ፣ አማርኛ ምን ያህል ይከብዳል ብለው ነው?»

«እኔን እንኳ ይከብደኛል» አሉ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

በራሴ እንዳልናደድ ተናድጄ ጨርሻለሁ፤ በእሳቸው እንዳልናደድ አባት ናቸው። ስለዚህ ገብቼ በኮምፒውተሩ ላይ ተናደድኩ። አማርኛ መጻፊያዋን መልሼ ላስነሳት ፈለግኩ፤ ካጠፋኋቸው ሁሉ እሷ የትኛዋ እንደሆነች በምን ልወቅ? ስሞቹ ሁሉ ለእኔ ያው ናቸው። ብስጭቴ ሲበዛ የዘጋሁትን በሙሉ እንደገና ከፈትኩት። አማርኛው ተመለሰ። ጉርምርምታውም ተመለሰ። «ኡታ» ብዬ ጽፌ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ በመጨረሻ ጥዬው ወጥ ልሠራ ገባሁ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ማንጎና ቦይና የሚሉትን ጎደሬ በማዳበሪያ ይዞ ከቢጠና መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩት። ታሪኩን ሰምቶ ከሳቀ በኋላ «ለምን ፎርማት አድርገን አንገላገልም?» አለ።

«አይሆንም!» አልነው፣ እኔና አባቱ እኩል። እኔ እንኳ በእልህ ነበር።

ሦስታችንም ተደርድረን ተቀመጥን። አማቴ ሕግ አወጡ፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር አይጠፋም። እኔ ስሙን አነባለሁ፣ ባለቤቴ በስልኩ ይፈልጋል፣ አማቴ «ይሄ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ካልመለስን አያሳልፉንም። በገዛ ቤቴ የቃል ፈተና የተቀመጥኩ መሰለኝ። የአማርኛ መጻፊያዋን ስናገኛት «እሷን አትንኳት» ተባለና ታለፈች። ሁለት አንቲቫይረሶች አገኘን። ባለቤቴ ስለ እነሱ አነበበና «አንዱ ሌላውን ሌባ ነው ብሎ ሲከታተል ነው የሚውለው» አለ። አንዱን አሰናበትነው። ማንም ተጫውቶት የማያውቅ የጨዋታ ፕሮግራምም ወጣ። ከዚያ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ማተሚያን የሚጠብቅ አንድ ፕሮግራም መጣ።

«ይሄ ይጥፋ» አልኩ። «ማተሚያ የለንም።»

«አንድ ቀን እንገዛ ይሆናል» አሉ አማቴ።

«የምንገዛው ሌላ ዓይነት ቢሆንስ?»

«ይህን ዓይነት ብንገዛስ?»

«አባባ! ያኔ እንደገና ይጫናል እኮ!»

«አሁን ካለ ለምን እንደገና ይጫናል?»

ባለቤቴ ሳቁን ሊጨርስ ወደ ውጭ ወጣ። ብዙ ለመንኩ፣ ብዙ አስረዳሁ፤ አልሆነም። ያ ፕሮግራም ዛሬም ድረስ አለ፤ ሊመጣ የሚችለውን ማተሚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። ምን ይደረጋል! ቦይናውን ቀቅለን ዳታ በሚሉት የበርበሬ ድልህ እየበላን ጠበቅን። በርበሬው ያቃጥላል፣ እኔ ከውስጥ እቃጠላለሁ። መብራቱ ወደ አመሻሹ ላይ መጣና ቀጠልን፤ ያኔ ነው ዋናውን ጥፋተኛ ያገኘነው።

ፋይሎችን በኢንተርኔት ልኮ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ነው። የተከፈተው ኮምፒውተሩን በሸጠልን ሰውዬ ስም ነው። በፎቶና በቪዲዮ የተሞላ የሰውዬው ማህደር በአንድ ጥግ ተቀምጧል፤ አገልግሎቱ ያንን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየቆጠረ ሊልክ ይሞክራል፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፣ ይከለከላል፣ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይቆጥራል። ከተገዛ ጀምሮ ቀን በቀን የሚሠራው ይህንኑ ነው። ላፍታ ሳቆመው ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ።

«አገኘሁህ!» ብዬ ጮህኩ። «አሁን ማህደሩም አገልግሎቱም ይጥፋ።»

«የማን ነው?» አሉ አማቴ።

«የዚያ የሸጠልን ሰውዬ።»

«ሳይጠየቅ እንዴት ይጠፋል?»

«አባባ፣ ሸጦልናል እኮ!»

«የሸጠው ኮምፒውተሩን ነው። ፎቶውን አልሸጠልንም።»

ባለቤቴን አየሁት። ትከሻውን ሰበቀ። ደወልን። ሃላሌ ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወልን፤ የለም። እሁድ ባለቤቴ ወደ ቢጠና ተመለሰ፤ እኔ አገልግሎቱን አቁሜ፣ ማህደሩን እንዳለ ትቼ፣ የማላውቀውን ሰው ፎቶ እየጠበቅኩ ሰነበትኩ። ዲስኩ በሰውዬው ቪዲዮ ስለተጣበበ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም እያለ በየሰዓቱ ይነዘንዘናል። አማቴ ማስታወቂያው በወጣ ቁጥር በትህትና ይዘጉታል።

ሰውዬው ራሱ መልሶ የደወለው ከክፍል ስወጣ ነው። ስልኩን ያነሳሁት ተቆጥቼ ነበር።

«ፋይልዎ ኮምፒውተራችንን ገደለው። እንድናጠፋው ይፍቀዱልን» አልኩት።

«ምን ፋይል?»

«ፎቶ ነው፣ ቪዲዮ ነው፣ ምኑ ቅጡ።»

 

«የሠርጌ ፎቶ አለ?» አለኝ። «እናቴ አለችበት?»

«እናትዎን አላውቃቸውም» አልኩት፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴን ጠላሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎት አምኗል። ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ አሉ ብሎ አልተጨነቀም። ከዚያ ስልኩ ተሰረቀ። እናቱ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ነው ያረፉት። ከዚያ ቀን በቀር ፎቶ ተነሥተው አያውቁም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። «እባክዎ አትንኩት።»

ቅዳሜ በክረምት ጭቃ ተለውሶ፣ ፍላሽና አንድ ዕቃ ማር ይዞ ከተፍ አለ። ገልብጦ ቶሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እያንዳንዱን ፎቶ እየከፈተ ማየት ጀመረ። አማቴ ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ይሄ ማነው? ይሄስ የማን ልጅ ነው?» እያሉ ሠርጉን እንደ አዲስ ደገሱት። ለጽሑፉ፣ ለእርማቴ፣ ለልብስ አጠባዬ ያሰብኩት ቅዳሜ እንደዋዛ አለፈ። እኔ ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ «ገልብጦ አይሄድም እንዴ!» እላለሁ ለራሴ።

በኋላ «እትዬ፣ ይምጡ ይዩአት» ብሎ ጠራኝ።

እጄን ጠርጌ ሄድኩ። አጠር ያሉ ሴት ናቸው። ካሜራውን ጭራሽ ረስተውታል። ሙሽራው ልጃቸው ፊት ቆመው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ የኮቱን ኮሌታ በሁለት እጃቸው ያስተካክላሉ። ልጁ ሊስቅ ምንም አልቀረው። አማቴ በወላይትኛ አንድ ነገር አሉ፤ ምን እንዳሉ አልገባኝም፣ አልጠየቅኩምም። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እኔ ሽንኩርቱን አመካኘሁ።

ሁሉም ፍላሹ ላይ ከተገለበጠና ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ሰውዬው «አሁን አጥፉት» አለ። አማቴን አየኋቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ማህደሩንም አገልግሎቱንም በገዛ እጄ አጠፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ የሰው ኮምፒውተር ሆነ። አማርኛው በአማርኛ ፊደል፣ ወላይትኛው በላቲን፣ የጻፉት በጻፉበት ጊዜ ይወጣል። የቀረው በላቲን የተበላሸው የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። «እኔ እገለብጥልዎታለሁ፣ እርስዎ ወደፊት ይቀጥሉ» አልኳቸው።

«አይ፣ ራሴ ነኝ» አሉ።

ብተዋቸው ይሻላል ብዬ ተውኳቸው። ግን ቀኑ እየሄደ ነው፤ እሳቸው ያንኑ ቦታ ናቸው። አንድ ቀን ቀርቤ ሳይ መጀመሪያ አንድ መስመር የነበረው ትርጉም ግማሽ ገጽ ሆኗል። የደረቀው ቅጠል ማሠሪያ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ እናታቸው በምን ሰዓት እንደሚቆርጡት፣ እንዴት እንደሚያረጥቡት፣ ምን ምን እንደሚያስሩበት ተጽፏል።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ የመጀመሪያው ላይ አልነበረም እኮ።»

«ሁለተኛ ስጽፈው የረሳሁት ትዝ አለኝ።»

«ጊፋታ ደረሰ!»

«ደርሷል» አሉ፣ ተስማምተው። ጽሑፋቸውንም ቀጠሉ።

ጊፋታ ሲመጣ ታትሞ የተገኘው የእንሰቱ ክፍል ብቻ ነበር። ከተማ አሳትሜ፣ በስቴፕለር አያይዤ፣ ለየቤቱ አንዳንድ አዘጋጀሁ። የእህል፣ የከብት፣ የቤት ዕቃው ሁሉ ገና አልተነካም። እንግዶቹ ሥጋውን በልተው ሲረጋጉ አማቴ ራሳቸው ዞረው አደሏቸው። ከአዲስ አበባ የመጣች የልጅ ልጃቸው ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አነባበቧ ሽማግሌዎቹን ቢያስቃቸውም እያረሟት ቀጠለች። አንድ ገጽ ሳትጨርስ ከኪንዶ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ዘመድ እጃቸውን አነሡ።

«ይህን እኛ ጋ እንዲህ አንለውም» አሉ። «እኛ ሌላ ስም አለን።»

«ኧረ ያው ነው!» አሉ ሌላው።

«ያው አይደለም። የእናንተው ስም ለለጋው እንሰት ነው፣ የእኛው ላረጀው ነው።»

ክርክሩ ተጋጋለ። ሁሉም ባንዴ ይናገራል፤ አንዱ ተነሥቶ በእጁ ያሳያል፣ ሌላው «አያቴ ትለው የነበረው» ይላል። አማቴ በመሃላቸው ፊታቸው በርቶ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ «ድገመው፣ ቀስ ብለህ ድገመው» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ሦስት ስም እየተገኘ ነበር። የእንሰቱ ክፍል አለቀ ያልኩት ዓይኔ እያየ እንደገና ሲጀመር ታየኝ።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ተጨማሪ ኮምፒውተር ልግዛላቸው እንዴ?» አለኝ።

«እባክህ ዝም በል» አልኩትና ለእንግዶቹ ሥጋ ልጨምር ተነሣሁ።